ሰው ራሱን በመምሰሉ ይከሰሳልን?

አንድን ዘፋኝ አብዝቶ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚደርስበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም የወደደውን ሰው ዘፈን እየደጋገመ ሲሰማ ከቈየ በኋላ፤ አንዱ ዘፈን ሌላውን የሚመስልበት ሰዓት ይመጣል። የጊታሩ ክር ሲነካ፤ ገና የዘፋኙ ድምፅ ሳይሰማ፤ «ይህንንስ ዐውቀዋለሁ» ይላል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ሌላ ዘፈን ሆኖ ያገኘዋል። በዚህን ጊዜ ከሰሚዎች መካከል አንዳንዱ የዘመድ ፊት እንዳየ ደስ ሲለው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ይህ ሰው የቀድሞውን መልሶ ሸጠልን» ብሎ ያጕረመርማል። በዚህ ነገር አባትና ልጅ፤ ባልና ሚስት በየቤቱ ሲከራከሩ መስማት እንግዳ አይደለም።

ክርክሩ የጨዋታ ክርክር ይመስላል። ነገር ግን ይኸው የጨዋታ ክርክር በአሜሪካ አገር እውነተኛ ክስ ሆኖ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመውበት፤ እስከ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የነገሩም መነሻ አንድ ሰው ራሱን መሰለ ተብሎ መከሰሱ ነው። ዛሬ ይህን ነገር ከሥሩ ጀምረን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናጫውት ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ተከሳሹ ጆን ፎገርቲ ይባላል። በ1945 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ ተወልዶ፤ በአቅራቢያዋ ባለችው በኤል ሰሪቶ አደገ። ከታላቅ ወንድሙ ከቶምና ከሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፤ ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የሚባለውን የሮክ ሙዚቃ ቡድን አቋቋመ። የአብዛኞቹ ዘፈኖች ደራሲ፤ ዘፋኝና ጊታር መቺ እርሱ ራሱ ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ጊታሩም በወፍራሙ ክር ላይ ዝቅ ብሎ እንደ ማጕረምረም ያለ ነው። የሰማው ሰው ሁሉ ይህ ሰው ከአሜሪካ ደቡብ፤ ረግረግና ወንዝ ከበዛበት አገር የመጣ ነው ብሎ ያስባል። እርሱ ግን የምዕራብ ጠረፍ ልጅ ነው። ይህንን ጠባይ ያገኘው ከራዲዮና ከሸክላ ከሰማቸው ከደቡብ አገር ዘፋኞች፤ ይልቁንም ብሉዝ የሚባለውን ዜማ ከሚያዜሙት ከጥቁር አሜሪካውያን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ዜማ ከደሙ ጋራ ተዋሕዶ የገዛ ድምፁ ሆነ።

እነዚህ ወጣቶች ፋንታሲ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋራ ውል ተፈራርመው ነበር። ዘፈኖቹ በዓለም ሁሉ ሲወደዱና ሲሸጡ፤ በውሉ መሠረት የድርሰቱ ባለመብት ደራሲው ሳይሆን ኩባንያው ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ በ1972 ዓ.ም. ከተበተነ በኋላ፤ ፎገርቲ ከዚህ ውል ለመላቀቅ ሲል ከቀድሞዎቹ ዘፈኖች የሚያገኘውን ድርሻ እንኳ ለቀቀ። ከዚያም ወዲህ የገዛ ዘፈኖቹን በሕዝብ ፊት መዝፈን አስጠላው፤ ለብዙ ዓመትም ተዋቸው። ሌሎች ሰዎች በየአዳራሹ ሲዘፍኗቸው፤ ያመነጫቸው ሰው ግን ዝም አለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከረዥም ዝምታ በኋላ፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «ሴንተርፊልድ» የሚባለውን ሸክላ አወጣ። መሣሪያውን ሁሉ የመታው ብቻውን ነው። ሸክላውም በአሜሪካ ከሁሉ አንደኛ ለመሆን በቃ። ከዘፈኖቹ መካከል በቅድሚያ ወጥቶ የተሰማው «ዚ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» የሚባለው ነው፤ ትርጕሙ ከመንገዱ በታች ያለው ሽማግሌ እንደ ማለት ነው። ኩባንያው ይህንን ሰምቶ ክስ አቀረበ። የክሱ ቃል በአጭሩ ሲነገር፤ ይህ አዲስ የተባለው ዘፈን በ1970 ዓ.ም. ከወጣው «ረን ስሩ ዘ ጃንግል» ከተባለው ዘፈን በቃላት ብቻ የተለየ እንጂ ዜማው ያው ነው፤ የዚያም ዘፈን ባለመብት እኛ ነን፤ የሚል ነበር። ሁለቱንም የደረሰ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ፎገርቲ ከፎገርቲ ሰረቀ ተብሎ ተከሰሰ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ላይ ፈጥኖ መሳቅ ይቻላል፤ ሕጉን ላስተዋለ ግን ክሱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ሰው እርሻውን ለሌላ ሸጦ ሲያበቃ፤ «ቀድሞ የኔ ነበረና ላርሰው» ቢል ማን ይሰማዋል? የተሸጠ ድርሰትም እንዲሁ ነው፤ ደራሲው ራሱ እንኳ ያለ ገዢው ፈቃድ መልሶ ሊሸጠው አይችልም። ይሁን እንጂ እርሻውን የሸጠ ገበሬ ክንዱን አልሸጠም፤ ሞፈርና ቀንበሩን፤ ከአባቱ የተማረውን የአስተራረስ ልማድም አልሸጠም። በሌላ ማሳ ላይ ቢያርስ፤ ትልሙ የቀድሞውን ትልም ይመስላል። ያ መመሳሰል ስርቆት ነውን? የፍርዱ ጭብጥ ይህ ነበር። ኩባንያው የገዛው ዘፈኑን ነው፤ ወይስ የሰውዬውን እጅና ጕሮሮ ጭምር?

ነገሩ በ1988 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፤ ከሕዝብ መካከል ተመርጠው በመሐላ በሚፈርዱት፤ ጁሪ በሚባሉት ሰዎች ፊት ተሰማ። ፎገርቲ ለምስክርነት ሲቀርብ ጊታሩን ይዞ ገባ። በምስክሮች ወንበር ላይ ተቀምጦ፤ ዘፈን እንዴት አድርጎ እንደሚደርስ፤ ጣቶቹ በየት በኩል መሄድ እንደለመዱ፤ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ እየመታ አሳየ። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ በዚህ ቀን ግን ከአመታት ተፈረደ ማለት ይቻላል። ፈራጆቹ በኖቬምበር ወር ሁለቱ ዘፈኖች የተለያዩ ናቸው ብለው ለተከሳሹ ፈረዱለት።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ የሰማ ሰው መመሳሰላቸውን አይክድም። ሁለቱም የጨለመና የሚያስፈራ መንፈስ አላቸው፤ ሁለቱም በጊታሩ ወፍራም ክር ላይ ይንከባለላሉ፤ ድምፁም ያው የሚሻክረው ድምፅ ነው። ነገር ግን ጆሮውን አዘንብሎ የሚሰማ ሰው ልዩነቱን ያገኛል። የ1970ው ዘፈን የሚጀምረው በዱር ውስጥ የሚሰማ በሚመስል እንግዳ ጫጫታ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም በአንድ ኅብረ ድምፅ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በመካከሉ ሃርሞኒካ ይሰማበታል። የኋለኛው ያለ ምንም መቅድም በጊታር ጥሪ ይነሣና በዚያው ጥሪ ይመላለሳል። የቃሉም ነገር የተለያየ ነው። የፊተኛውን ብዙ ሰው ስለ ቬትናም ጦርነት የተነገረ መስሎት ነበር፤ ደራሲው ግን በአገሩ የጦር መሣሪያ በሕዝቡ እጅ ስለ መብዛቱ የደረሰው መሆኑን ተናግሯል። የኋለኛው የሚያወሳው ምሥጢራዊ ኀይል ያለውን አንድ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ የሚመሳሰሉት በልብሳቸው ነው፤ አካላቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የቅኔ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፤ ጉባኤ ቃና ሁልጊዜ ሁለት ቤት ነው፤ ሥላሴም መወድስም እንዲሁ የታወቀ ልክ አላቸው። ልኩ የሁሉ ነው፤ ማንም የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ነገር ግን ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ከነውርም የከፋ ነው። ምሥጢሩ በየቀኑ አዲስ ሊሆን ይገባል። ደግሞም አዋቂ ሰው አንድ ቅኔ በሰማ ጊዜ፤ ባለቤቱን ሳያይ «ይህ የዋሸራ ነው፤ ይህ የጎንጅ ነው፤ ይህ የዋድላ ነው» ብሎ ቤቱን ይለያል። ይህንን ሲል ግን ተቀኚው ሰረቀ ማለቱ አይደለም፤ ከየት እንደ ተማረ መናገሩ ነው። ክራርም በትዝታ ከተቃኘ በኋላ መቶ ዘፈን ቢዘፈንበት መቶው ሁሉ የእኅትማማች መልክ አላቸው፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ዘፈን ነው። የብራና ጽሑፍን የሚያውቅ ሰውም የአንድን ቁም ጸሓፊ እጅ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተከተለ ይለየዋል፤ ዳዊቱና ስንክሳሩ በአንድ እጅ ቢጻፉ አንድ መጽሐፍ አይሆኑም።

እንግዲያው መመሳሰል ሁሉ ንጹሕ ነውን? አይደለም። በዚህ በኩል ሌላ ምሳሌ እንጠቅሳለን። ቢትልስ ከሚባሉት ከእንግሊዝ አገር ዘፋኞች አንዱ የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን፤ በ1970 ዓ.ም. ብቻውን ሆኖ «ማይ ስዊት ሎርድ» የሚባል ዘፈን አወጣ። ይህ ዘፈን ቺፎንስ የሚባሉ የአሜሪካ ልጃገረዶች በ1963 ዓ.ም. ከዘፈኑት «ሂ ኢዝ ሶ ፋይን» ከሚባለው ጋራ በዜማው አካሄድ አንድ ሆኖ ተገኘ። በ1976 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተቀመጡት ዳኛ ሪቻርድ ኦወን ሁለቱን አመዛዝነው፤ ሃሪሰን ዐውቆ የሰረቀ አይደለም፤ ነገር ግን ቀድሞ የሰማው ዜማ በልቡናው ተደብቆ ቈይቶ የራሱ መስሎት ወጥቷል ብለው ፈረዱ። ሃሪሰንም በመጨረሻ 587,000 ዶላር እንዲከፍል በ1981 ዓ.ም. ተወሰነ። በዚህኛው ነገር ልብሱ ሌላ ነው፤ አንዱ የጸሎት፤ ሌላው የፍቅር ዘፈን ነው፤ አካሉ ግን አንድ ሆነ። በፎገርቲ ነገር የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የላይኛውን መልክ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ጆሮ በሁለቱም ላይ በተሳሳተ ነበር።

ወደ ፎገርቲ ነገር እንመለስ። በፍርዱ ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነበር። የአሜሪካ የድርሰት መብት ሕግ፤ ለረታው ወገን የጠበቃ ወጪ እንዲከፈለው ዳኛው ሊያዝ ይችላል ይላል። በዚያ ክፍል የነበረው የፍርድ ቤቶች ልማድ ግን ሚዛኑ ያዘነበለ ነበር። ከሳሽ ሲረታ ወጪው እንደ ልማድ ይከፈለዋል፤ ተከሳሽ ሲረታ ግን ክሱ ከንቱ ወይም በክፋት የቀረበ መሆኑን ካላስረዳ አይከፈለውም። ፎገርቲ ጠየቀ፤ ተከለከለ፤ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም አልተቀበለለትም። በመጨረሻ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፤ ማርች 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ፍርድ ተሰጠ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሬንኲስት የጻፉት ፍርድ፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሚዛን ይታዩ፤ ይላል። ምክንያቱንም ሲገልጥ፤ የድርሰት ሕግ የተሠራው ሕዝቡ በድርሰት እንዲበለጽግ ነው፤ ስለዚህ የሕጉ ወሰን በግልጥ መታወቅ አለበት፤ የማይገባ ክስ የቀረበበትም ደራሲ ተከራክሮ ወሰኑን ሲያስከብር፤ መብቱን እንደሚያስከብር ከሳሽ ያህል ሊበረታታ ይገባል፤ ይላል። ነገሩ ወደ በታች ፍርድ ቤት ተመልሶ፤ ለፎገርቲ 1,347,519 ዶላር ከ15 ሳንቲም እንዲከፈለው ተወሰነ፤ በ1996 ዓ.ም. በይግባኝ ጸና።

ይህ ፍርድ ለአንድ ዘፋኝ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በወጣትነቱ ድርሰቱን የሸጠ ሰው ሁሉ፤ በጎልማሳነቱ ብዕሩን ባነሣ ቍጥር «ይህ የቀድሞውን ይመስላል» ተብሎ የሚከሰስ ቢሆን፤ ወይ ዝም ማለት ወይ በሰው ድምፅ መናገር በሆነበት ነበር። ሃብታም ኩባንያ መክሰስ ይችላል፤ ድኻ ደራሲ ግን ቢረታ እንኳ የጠበቃው ዕዳ ያጠፋዋል። ስለዚህ የወጪው ነገር ትንሽ መስሎ ሲታይ፤ ለብዙ ሰው ደፍሮ መከራከርን ከዝምታ የሚለይ ሆኗል።

ከዚህም ጋራ አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምራለን። ገና ክሱ ሳይፈረድ፤ በ1987 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ፓሎሚኖ በሚባል ቤት ሙዚቃ ሲመታ፤ ፎገርቲና ከላይ ያነሣነው ጆርጅ ሃሪሰን በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። ቦብ ዲላን የተባለው ታላቁ ዘፋኝም አብሯቸው ነበር። ዲላን ለፎገርቲ፤ «ፕራውድ ሜሪ» የተባለውን ዘፈንህን አንተ ካልዘፈንከው ሰው ሁሉ የቲና ተርነር ነው ይለዋል፤ ብሎ እንደ መከረው ይነገራል። ፎገርቲም በዚያ ምሽት ዘፈነው፤ ከዚያም በኋላ የተዋቸውን ዘፈኖቹን ቀስ በቀስ መልሶ ያነሣቸው ጀመር። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሌላ እጅ የነበረውን የክሪደንስ ዘፈኖቹን መብት አብዛኛውን ድርሻ ገዝቶ ወደ ራሱ መለሰ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የገዛ ልጆቹን ሲዋጅ መኖሩ ያሳዝናል፤ መዋጀቱ ግን ደስ ያሰኛል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፤ ሁለት ዘፈኖች ሲመሳሰሉ የሰማ ሰው ቶሎ ከመፍረዱ በፊት እንዲህ አድርጎ ይመርምር። መሣሪያውን ሁሉ ትቶ ዜማውን ብቻውን በአፉ ያንጐራጕር፤ ልብሱ ሲወልቅ አካሉ ይታያልና። ከዚያም መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንና መድረሻውን ይከተል፤ ከአንድ በር የሚወጡ ሁለት መንገዶች ወደ አንድ ገበያ ላይሄዱ ይችላሉና። በመጨረሻም ቃሉ ምን እንደሚል ያስተውል። ይህንን ካደረገ በኋላ አሁንም አንድ ሆኖ ቢያገኘው፤ «ሰነፈ» ብሎ ቢወቅስ ያምርበታል፤ ለወዳጅ እውነቱን መናገር የወዳጅነት ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፤ ልጆቻችን ሲጽፉ፤ ሲሥሉ፤ ሲያዜሙ አንዱን ነገር የሚመላለሱበት ጊዜ አለ። «ይህንንማ ትናንት አመጣኸው» ብለን ባናሳፍራቸው መልካም ነው። እጅ የሚጸናው በመመላለስ ነው፤ የራሱ ድምፅ ያለው ሰው የሚገኘውም ከዚያ በኋላ ነው። ልንከለክላቸው የሚገባ የሌላውን ነገር የራስ አስመስለው ሲያቀርቡ ነው።

ሦስተኛ፤ የእጁን ሥራ ለሌላ የሚሸጥ ሰው፤ ይልቁንም ወጣት፤ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ቃል በቃል ያንብብ፤ ካልገባውም የሚያነብለት አዋቂ ይፈልግ። የሚሸጠው አንድ ሥራ ነው ወይስ ገና ያልተወለደው ሁሉ? ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዘመኑን ይጠይቅ፤ ዘመኑን ብቻ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ይጠይቅ። በሃያ ዓመት ዕድሜ በአንዲት ደቂቃ የተጻፈ ፊርማ፤ በሰባ ዓመትም የሚያከራክር መሆኑን ከዚህ ሰው ታሪክ አይተናል።

ሰው የተናገረውን ቃል ሊሸጥ ይችላል፤ የሚናገርበትን አንደበት ግን ሊሸጥ አይገባውም፤ ገዢም ሊጠይቀው አይገባም። የምንወደው ዘፋኝ በአዲሱ ዘፈኑ ውስጥ የቀድሞውን መልኩን ቢያሳየን፤ መርምረን አካሉ አዲስ ሆኖ ካገኘነው፤ ያው የምናውቀው ሰው በሕይወት መኖሩን ተረድተን ደስ ይበለን እንላለን።